«እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» እስከ መቼ?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ትልልቅ ቴክኖሎጂዎች ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የማነሳት ነገር ግን በጣም ትንሽ ትመስላለች። ፕሮጀክት ከመጀመራችን በፊት ዌብ ሰርቨሩን፣ ፒኤችፒውንና ዳታቤዙን ላፕቶፓችን ላይ ጭነን፣ አስማምተን የምናስነሳባትን የመጀመሪያዋን ሰዓት ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን እንደ ሥራ አንቆጥራትም። አንድ ጎበዝ ልጅ ይጭናል፣ ሌላው በፍላሽ ይገለብጣል፣ አለቀ። የኔ አቋም ግን ይሄ ነው፦ በቡድን ፕሮጀክት ማን ተምሮ እንደሚወጣና ማን ተመልካች ሆኖ እንደሚቀር የሚወሰነው በዚያች ሰዓት ነው። ስለዚህ ዲፓርትመንታችን ማርክ ሊይዝባት ይገባል።

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አራት ሆነን የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም እንሠራ ነበር። ሁሉም ነገር ያለው በአንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነው። ዛምፕ እዚያ፣ ኮዱ እዚያ፣ ዳታቤዙም እዚያ። ሦስታችን ከኋላው ቆመን «እዚህ ጋ ሴሚኮሎን ረስተሃል» ማለት ነበር ሥራችን። ሠንጠረዦቹን በሙሉ በወረቀት ላይ የነደፈችው፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ያወጣችው ግን ከመካከላችን አንዲት ልጅ ናት። የእሷ ላፕቶፕ ላይ ዛምፕ አልነሳ አለ። በኋላ ስናየው ፖርት 80ን ሌላ ፕሮግራም ይዞት ኖሯል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ያኔ ግን ማንም ሊያይላት አልተቀመጠም። «አንቺ ዶክመንቴሽኑን ጻፊ» ተባለች። ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።

ፕሬዘንቴሽኑ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የልጁ ላፕቶፕ አልበራ አለ። «ችግር የለም፣ ፍላሽ ላይ አለን» አልን። የኮዱን ፎልደርና ከዛምፕ ውስጥ የዳታቤዛችንን ፎልደር ገልብጠን ይዘን ነበርና። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ለጥፈን ፒኤችፒማይአድሚንን ስንከፍት የሠንጠረዦቹ ስም በግራ በኩል ተደርድሯል። ደስ አለን። አንዱን ስንጫነው «ይህ ሠንጠረዥ በኢንጂኑ ውስጥ የለም» አለን። ሌላውንም ስንጫን ያው ነው።

ለምን? ኢኖዲቢ የሚባለው የዳታቤዙ ሞተር የእያንዳንዱን ሠንጠረዥ ዳታ በየራሱ ፋይል ቢያስቀምጥም፣ ሠንጠረዦቹን የሚያውቅበት መዝገብ ያለው ከዚያ ፎልደር ውጪ፣ አይቢዳታ1 በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። እኛ ዕቃውን ተሸክመን መዝገቡን ትተን መጣን። ትክክለኛው መንገድ ከፒኤችፒማይአድሚን «ኤክስፖርት» ብሎ አንድ የኤስኪውኤል ፋይል ማውጣት ነበር፤ ለእንደኛ ዓይነቷ ትንሽ ዳታቤዝ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ሁለት ሌሊት ተቀምጠን ሠንጠረዦቹን ከልጅቷ ወረቀት ላይ እንደገና ፈጠርናቸው። ያዳነን እሱ ወረቀት ነው። የተማሪዎቹን ስም በአማርኛ ስናስገባ ደግሞ በየስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደረደረ። ፕሬዘንቴሽኑ ዕለት ግማሹን አሳየን፣ ግማሹን በአፍ ተናገርን። መምህራችን ልጅቷን «እስቲ ይህን ሠንጠረዥ ክፈቺና አሳዪኝ» ሲሏት እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። የነደፈችው እሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ በእጇ አስነስታው አታውቅም። ከአራታችን ዝቅተኛውን ማርክ ያገኘችው እሷ ሆነች። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ «እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» ስንል ምን ማለታችን ነው? ያ ላፕቶፕ ከሌላው በምን እንደሚለይ አናውቅም ማለታችን ነው። ልዩነቶቹ ደግሞ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ይጥላሉ። አራቱን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ማይኤስኪውኤል ዊንዶውስ ላይ በሠንጠረዥ ስም ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ላይ ግን ይለያል። በትልቁ ፊደል የፈጠራችሁትን ሠንጠረዥ ኮዱ ውስጥ በትንሹ ብትጠሩት ላፕቶፓችሁ ዝም ይላል፤ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስትጭኑት «የለም» ትባላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ከሲኒየር ተማሪዎች የምንወርሰው ኮድ ነው። በድሮው ኮድ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኙት የቀድሞዎቹ የማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖች እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ፒኤችፒ 7 ጀምሮ ጨርሰው ተወግደዋል። አዲስ ዛምፕ የጫነ ልጅ ያንን ኮድ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ቢታገል ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ኮዱ የተጻፈው በየትኛው ቨርዥን እንደሆነ የነገረው የለም።

ሦስተኛ፣ የጥያቄ ምልክቶቹ ጉዳይ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በቨርዥን 3.0 ነው። በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ቨርዥን 8.0 እስኪወጣ ድረስ ምንም ካልነገርነው ሠንጠረዡን የሚፈጥረው በላቲን1 ነበር። ላቲን1 ለአንድ ምልክት ያለው 1 ባይት ብቻ ነው፤ «ሀ»ንም «ለ»ንም አያውቃቸውም። የማያውቀውን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ ከተተካ በኋላ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም። መፍትሔው ዳታቤዙን ስንፈጥር ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ነው። በአማርኛ ሲስተም የሚሠራ ተማሪ ይህችን መስመር ሳያውቅ መመረቅ የለበትም።

አራተኛ፣ የዛምፕ መቆጣጠሪያ ላይ «ማይኤስኪውኤል» ተብሎ የሚነበበው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በእርግጥ ማሪያዲቢ ነው። ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። አንዱ የቡድን አባል ማይኤስኪውኤል 8 ቢጭንና ያወጣውን ኤስኪውኤል ፋይል ለጓደኛው ዛምፕ ቢሰጥ «ይህን ኮሌሽን አላውቀውም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል።

እነዚህን ነገሮች ስላይድ ላይ አይቼ አልተማርኳቸውም። የተማርኳቸው ሲጥሉኝ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም አባል በራሱ እጅ መጫን አለበት የምለው። የጫነ ሰው ሲበላሽ የት እንደሚያይ ያውቃል።

አንዳንዶች «ሁሉም ሰው ላፕቶፕ የለውም እኮ» ይሉኛል። እውነት ነው። ግን ይህ የኔን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ላፕቶፕ የሌለው ልጅ በላብ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት የሚችለው፣ ፕሮጀክቱ ከአንድ ሰው ዕቃ ተላቅቆ የትም ሊነሳ በሚችል መልኩ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ሌሎች ደግሞ «ዶከር እያለ ምን አስጨነቀህ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶከር በእርግጥ ሙሉውን አካባቢ ጠቅልሎ ያዘዋውራል፤ ግሩም ነገር ነው። ነገር ግን ፓኬጅ እየገዛ በሞባይል ኢንተርኔት ለሚያወርድ ተማሪ ያ ሁሉ ሜጋባይት ቀላል አይደለም። ደግሞም ውስጡ ምን እንዳለ አንዴ በእጁ ሳይጭን የተጠቀለለውን ብቻ የሚያስነሳ ሰው፣ ሲበላሽ ያው የኛን መንገድ ነው የሚሄደው።

በፍላሽ መገልበጥንም አላወግዝም። ያለንን መካፈል ጥሩ ባህላችን ነው። የምንካፈለውን ግን እንምረጥ። መጫኛውን፣ ኮዱንና የኤስኪውኤል ፋይሉን እንካፈል፤ የተጫነውን ፎልደር መገልበጥ ይቅርብን።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን መምህራን በአክብሮት የማቀርበው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የዛምፕና የሌሎች መጫኛዎች ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ ዓይነት ቨርዥን በላቡ ኔትወርክ ላይ ይቀመጥልን፤ ከመቶ ሜጋባይት በላይ የሆነን ፋይል እያንዳንዳችን ከምናወርድ አንዴ ወርዶ ሁላችንም እንውሰደው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ከኮዱ ጋር የኤስኪውኤል ፋይልና «እንዲህ አድርገህ አስነሳው» የሚል የአንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ቨርዥኖቹ ተጠቅሰውበት፣ አብሮ ያስረክብ። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከቡድኑ በዕጣ የወጣ አንድ ልጅ ብቻውን በላብ ኮምፒውተር ላይ ፕሮጀክቱን ከባዶ አስነስቶ ያሳይ፤ ለዚህም አምስት ማርክ ይያዝለት። በዕጣ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ካልታወቀ ጎበዙ ልጅ ሌሎቹን ለማስተማር ይገደዳል።

መምህራኖቻችን ጊዜ እንደሌላችሁ እናውቃለን። ሆኖም በፕሬዘንቴሽን ዕለት «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለውን ሰበብ ከመስማት በሁለተኛው ሳምንት አሥር ደቂቃ ማየቱ የሚቀል ይመስለኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

እናንተም የዘንድሮ ተማሪዎች፣ ዲፓርትመንቱ እስኪወስን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ከቡድናችሁ ውስጥ ሲስተሙ በላፕቶፑ ላይ የማይነሳለት ማን እንደሆነ ጠይቁ። ካለ፣ ኮድ መጻፉን አቁማችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እኛ ያን ጊዜ አምስት ደቂቃ ብንቀመጥላት ኖሮ ያቺ ልጅ በመምህራችን ፊት ያ ሁሉ አይደርስባትም ነበር።

ቸር ይግጠመን!