ከሜሞሪው በፊት ርቀቱ ይለካ
ትልቅ ምስል ለማተም የሚሹ ተማሪዎች «ሜሞሪ አነሰን» ሲሉ እንሰማለን። በእኛ አስተያየት፣ ለግዢ ከመሮጥ በፊት መለካት ያለበት የተመልካቹ ርቀት ነው። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ምስል በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም ወደ 837 ሚሊዮን ፒክስል ይፈልጋል፤ በፒክስል 3 ባይት ሲታሰብ 2.5 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ዓይናችን ግን በ3 ሜትር ርቀት ከ0.9 ሚሊሜትር ገደማ ያነሰ ዝርዝር አይለይም፤ ለግድግዳ ምስል በኢንች 100 ነጥብ እንኳ ትርፍ ነው፤ ፋይሉም ወደ 280 ሜጋባይት ይወርዳል። ቀርበው የሚያነቡት ካርታ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ ምስሉን በቁራጭ በቁራጭ ማሳደግ ይሻላል። ባይኪዩቢክ በተባለው ስሌት እያንዳንዱ አዲስ ፒክስል ከ16 ነባር ጎረቤቶቹ ብቻ ስለሚሰላ፣ ቁራጮቹ በጥቂት መስመሮች ከተደራረቡ ስፌቱ አይታይም።