አጥንት ስንቆጥር

አገር ቤት አጥንት የሚቆጠረው ወይ ርስት ሲፈለግ ወይ ጋብቻ ሲታሰብ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ሲረጋገጥ ነው ሽማግሌ የሚላከው። አሜሪካ ላይ ግን ቆጠራው ሌላ ነው፤ ሰባት ላይ አይቆምም፣ እስከ 206 ይዘልቃል። አንድ እጅ ብቻውን 27፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት 26፣ ራስ ቅል 22። ይህን ሁሉ በየስሙ የሚቆጥሩት ደግሞ ቀን ፓርኪንግ ሲጠብቁ ውለው ወይም ሌሊቱን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አዛውንት ሲያገላብጡ አድረው ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚገቡ ወገኖቻችን ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የምትባለው ኮርስ ያላንኳኳችው የአበሻ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ነርስ ልሁን ያለ ሁሉ በዚህች በር ያልፋል። ሁለት ሴሚስተር ከነላብራቶሪዋ። ብዙዎቹ የነርስ ትምህርት ቤቶች በዝቅተኛ ውጤት አያስገቡም፤ መድገምም በቁጥር የተወሰነ ነው። አንዳንዶቹማ ውጤቱ አምስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፈው «አርጅቷል፣ እንደገና ውሰዱ» ይላሉ። ልጅ ወልዳ፣ ወንድሟን አስመጥታ፣ እናቷን አስታምማ የተመለሰች ሴት ድካሟ እንዲሁ በቀን መቁጠሪያ ይሰረዝባታል። ለሁለተኛ ጊዜ ተመዝግባ የማውቃት አንዲት እህታችን ከመጽሐፉ ክብደት ይልቅ ይህ ሦስተኛ ዕድል ያለመኖሩ ነገር እንቅልፍ እንደነሳት ነግራኛለች። መጽሐፉም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ያህላል።

የሚገርመው፣ ላብራቶሪው ውስጥ የሚፈራው አበሻው አይደለም። የበግ ልብ በትሪ ሲቀርብ ፈረንጆቹ ልጆች ፊታቸውን ሲያዞሩ የኛ ሴቶች ቢላውን ያነሳሉ። ዶሮ 12 ብልት ስታወጣ ያደገች፣ ለፋሲካ ዱለት የከተፈች እጅ ልብን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ከሩቅ ትለያለች። የሚያስቸግራት የመድኃኒቱ ሽታ ብቻ ነው። (በዓቢይ ጾም የሆነ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ እሱን ለንስሐ አባቶች ትቻለሁ።)

ዕውቀቱ በቋንቋችንም ውስጥ አለ። «ቆሽቴ አረረ» እያልን የምናማርርበት ቆሽት ፈተና ላይ «ፓንክሪያስ» ተብሎ ሲመጣ ነው የሚጠፋን። ሁለት ሥራ አለው፤ ምግብ የሚያብላላ ጭማቂ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ወደ ደም ይለቃል። ሐሞትን የሚያመርተው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ በኦፕራሲዮን የወጣለት ሰው «ሐሞተ ቢስ» ሊባል አይችልም፤ ጉበቱ ማምረቱን አያቆምምና። ይህችን ቀልድ የያዘ ተማሪ ያንን ጥያቄ አይስትም።

ስሞቹ ከባድ ናቸው የሚለው እሮሮ እውነት ነው፤ ግን የእንግሊዝኛችን ጥፋት አይደለም። ላቲንና ግሪክ ናቸው፤ ፈረንጁም እንደኛው እንግዳ ነው። እንዲያውም እኛ በግእዝ የለመድን ነን፤ ሳይገባን መሸምደድን ማን ብሎን! ይልቅ ትርጉሙን መጠየቅ ነው። ቲቢያ፣ የቅልጥሙ አጥንት፣ በላቲን ዋሽንት ማለት ነው። ክላቪክል፣ ከአንገት በታች ያለው፣ ትንሽ ቁልፍ። የጆሮ ውስጡ ኮክሊያ ቀንድ አውጣ ነው፤ ቅርጹን ያየ አይረሳውም። በሰውነት ውስጥ ትንሿ አጥንት ስቴፒስ ደግሞ እርካብ፣ ልክ እንደ ፈረሱ እርካብ። በጭን ላይ በሰያፍ የሚወርደው ረጅሙ ጡንቻ ሳርቶሪየስ የተሰየመው በልብስ ሰፊ ነው፤ ድሮ ልብስ ሰፊ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥ ስለነበር። ቃሉ በአማርኛ ሥዕል ሲሆን ነው ጭንቅላት ውስጥ የሚቀመጠው።

አሁን ወደ አጠናን እንምጣ። የብዙዎቻችን አጠናን ቢጫ እስክሪብቶ ነው። ገጹ ሁሉ ቢጫ እስኪሆን ይሰመራል፣ ይነበባል፣ ይደገማል፤ ገጹም ስለተለመደ የታወቀ ይመስላል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህን በተማሪዎች ላይ ሞክረውታል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጊዜ አንብበው፣ መጽሐፉን ዘግተው፣ የያዙትን ለማስታወስ የታገሉት በለጧቸው። ፈተናው ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

ይህ ለቆሎ ተማሪ ዜና ነውን? የቃል ትምህርት የሚጠናው ማታ፣ በጨለማ ነበር፤ የሚታይ መጽሐፍ የለም። የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ያላደረሰ ወደ ሚቀጥለው አይሻገርም፣ ታላቁ ተማሪም ታናሹን ያስቀጽላል። ከዚህ የተሻለ የአጥንት አጠናን አላውቅም። ዛሬ ካርዱ በስልክ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ስልኩ ኩርኩም አለመቻሉ ብቻ ነው።

ፊዚዮሎጂው ላይ ግን የኔታም አያድኑም። ማትሪክ አስር ያህል ኤ የደፋ ሰው ሳይቀር የሚወድቀው እዚህ ነው። ምክንያቱም ጥያቄው «ስሙ ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ቢሆን ምን ይከተላል?» ይሆናል። ተቀምጦ ቆይቶ ብድግ ያለ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል። በአንገቱ ደም ስርና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ቧንቧ ላይ ያሉት ግፊት ጠባቂዎች ይህን ለአንጎል ግንድ ይነግራሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ስሮች ይጠብባሉ፣ ግፊቱ ይመለሳል። ይህን በቃል የያዘ ሰው ጥያቄው ከመሃል ሲጀምር ይጠፋል፤ የገባው ግን ከየትም ይነሳል። ፈተናው ወደ ስሌትም ይሄዳል፤ ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ እየመታ በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ቢረጭ 4,900፣ አምስት ሊትር ገደማ። የደም ስር ውፍረት በግማሽ ቢጠብ ግን ተቃውሞው በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፣ 16 ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ስንቱ ሁለት ብሎ ወጣ!

አንዳንዴም መጽሐፉ ራሱ እኛ ጋ ሲደርስ ይቸገራል። ደገኛ ሰው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ኩላሊቱ መቅኔውን ያዛል፣ ቀይ የደም ሕዋስም ይበዛል ይላል። በአንዲስ ተራሮች እንዲያ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት ግን በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ፈተና ላይ የመጽሐፉን መልስ ጻፉ፤ አደራ።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አራት አበሻ ተቀምጦ አራቱም ተለያይቶ ያጠናል። አንዱ የሌላውን ውጤት እንዳይሰማ፣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳይደርስ። ያለፈው ደግሞ የቆየ የፈተና ወረቀት እንደ ታቦት ሸሽጎ ይይዛል፤ ጥያቄው ተለውጦ የሚመጣ መሆኑን እያወቀ። አንዱ ለሌላው ግፊት ጠባቂውን በአማርኛ ቢያስረዳ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ ቢጽፍ፣ ያስረዳው ራሱ ነው የበለጠ የሚይዘው። አስጠኚም በኮሌጁ ውስጥ በነፃ አለ፤ ከክፍያችሁ ውስጥ የታሰበ ነው። የአጥንቱ ሞዴል ያለው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ከክፍል ሰዓት ውጭ የሚከፈትበትን ጊዜ በር ላይ ለጥፈውታል።