ጎል አግቢው ወንበር ላይ ሲቀመጥ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች። እስከ ዛሬ ያነሳነው ያንን አንድ ዋንጫ ብቻ ነው። አራተኛዋንና የመጨረሻዋን ጎል ያስቆጠሩት የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ።

በዚያ ውድድር 3 ጎሎች አግብተው ከግብጹ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋሩ። በተሳተፉባቸው የአፍሪካ ዋንጫዎች ሁሉ ያስቆጠሯቸው ጎሎች ሲደመሩ 10 ይሆናሉ። ከኢትዮጵያውያን እስካሁን የደረሰባቸው የለም። ስማቸው ሲነሳ የምናስታውሰውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ለእኛ ለአማኞች የሚበልጠው ትምህርት ያለው ከጎሎቹ በኋላ ባለው ሕይወታቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

መንግሥቱ ጫማቸውን ሲሰቅሉ አሰልጣኝ ሆኑ። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዘው ሊቢያ ወደ ተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ሄዱ። ውጤቱን በግልጽ እንናገረው፦ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያዩ። አስቡት፤ 10 ጎል ያገባ ሰው ከመስመር ውጪ ቆሞ ቡድኑ በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል ሳያገባ ያያል። ኳሷ ሳጥን ውስጥ ስትደርስ ምን መደረግ እንዳለበት እግሩ ያውቃል፤ ነገር ግን መግባት አይችልም። የአሰልጣኝ ሥራ እንዲህ ነው። የምታውቀውን በሌላ ሰው እግር እስኪሠራ ድረስ መታገስ ይጠይቃል።

ያ ውጤት በጊዜው ትንሽ መስሎ ይሆናል። ነገር ግን ያለ ግብ የተለያዩት አልጄሪያዎች በዚያው ዓመት በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን አሸነፉ። ኢትዮጵያ ደግሞ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ጠበቀች፤ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚታየው ቆይቶ ነው።

መንግሥቱም ቢሆኑ ብቻቸውን አልበቀሉም። በ1954ቱ ድል ጊዜ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዓመታት የተጫወቱ ሰው ናቸው። ተጫዋቹ አሰልጣኝ ሆነ፤ ያሰለጠነው ተጫዋችም በተራው አሰልጣኝ ሆነ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ ሁለት ላይ ያዘዘው ይህንኑ ቅብብሎሽ አይደለምን? የተቀበልከውን ለታመኑ ሰዎች ስጥ፣ እነርሱ ደግሞ ለሌሎች ያስተምሩ ነው ነገሩ።

በርናባስንም ተመልከቱ። ሁሉም ሳውልን በፈራበት ጊዜ እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት አቀረበው፤ ኋላም እስከ ጠርሴስ ሄዶ ፈልጎ ወደ አንጾኪያ አመጣው። በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ የምናነበው «በርናባስና ሳውል» ተብሎ ነው። ከምዕራፍ 13 ወዲህ ግን «ጳውሎስና በርናባስ» የሚለው ይበዛል። በርናባስ ስሙ ወደ ኋላ ሲሄድ አኩርፎ የተመለሰበት ቦታ አናገኝም። እንዲያውም ቀጥሎ ጳውሎስ ያልፈለገውን ማርቆስን ይዞ ሄደ፤ ያ ማርቆስም በመጨረሻ ለጳውሎስ የሚጠቅም ሰው ሆነ።

ወደ ከተማችን እንምጣ። ከሞጆ እስከ አዳማ፣ ከመቂ እስከ ባቱ፣ ከአርሲ ነገሌ እስከ ሻሸመኔ አቧራማ ሜዳ ባለበት ሁሉ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ። ከአጠገባቸው ፊሽካ ያንጠለጠለ አንድ የቀድሞ ተጫዋች አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ጋዜጠኛም አይጠይቀውም። ልጁ ትልቅ ክለብ ሲገባ ፎቶው ላይ እርሱ የለም።

በቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ያለው ሰው አንሶብናል። የኮንፈረንስ ባነር ላይ የሰባኪ ፎቶ ሞልቷል፤ አዳራሹም ይሞላል። ቅዳሜ ከሰዓት የ15 ዓመት ልጆችን የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ግን ማስታወቂያው ሦስት ሳምንት ይነገራል። ሁላችንም አጥቂ መሆን እንፈልጋለን።

«የመድረክ ጸጋ የተሰጠው ሰው ለምን ከመድረክ ይወርዳል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ጥሩ አሰልጣኝ እንደማይሆን እሙን ነው፤ ማሰልጠን ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። እኔ የምለው ግን ጸጋችሁን ቅበሩ አይደለም። ጸጋው ከእናንተ ጋር አብሮ እንዳይቀበር ነው የምለው።

ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆንን አገልጋዮች ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። ለአንድ ዓመት ሦስት ወጣቶችን እንያዝ። በወር አንድ እሑድ መድረኩን እንልቀቅላቸውና እኛ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠን እንስማ። ሲሳሳቱ ማይክ አንንጠቅ። ሰኞ ቁጭ ብለን መልካሙንም መታረም ያለበትንም በፍቅር እንንገራቸው። ሽማግሌዎችም በዓመታዊው ሪፖርት ላይ «ስንት ጉባኤ ሰበክህ?» ብቻ ሳይሆን «ማንን አስነሣህ?» ብለው ይጠይቁን።

መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም. አርፈዋል። 10 ጎላቸው በመዝገብ ተጽፎ ይኖራል። በልምምድ ሜዳ ያረሙት እግር፣ ያበረቱት ልብ ግን በየትኛውም መዝገብ አልተቆጠረም። የእኛም ዋና ሥራ እንዲህ ያለው ይመስለኛል፤ ሰው ባይቆጥረውም የላከን ጌታ ያየዋል።

ጌታ ሌሎችን የምናስነሣበት ትሕትና ይስጠን።