ኢንኮግኒቶ የሚደብቀን ከማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ሰነድ ላሳትም አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ኢሜይሌን ለመክፈት ወደ ኮምፒውተሩ ስቀርብ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ኢሜይል እንደተከፈተ ነው። የሥራ ማመልከቻው፣ የፓስፖርቱ ኮፒ፣ የባንክ ደብተሩ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያው ተዘርግቷል። ዘጋሁለትና ለሚያስተናግደው ልጅ «ደንበኞቻችሁ በኢንኮግኒቶ ቢከፍቱ እኮ እንዲህ አይሆንም» አልኩት። ልጁ ሳቀ። «ኢንኮግኒቶማ ሌላ ነገር ለሚያይ ሰው ነው» አለኝ።

ይህ መልስ የልጁ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ይህን የብሮውዘር አማራጭ የባለጌ መደበቂያ አድርገን ነው የምናየው። ሌሎቻችን ደግሞ አንዴ ከከፈትነው ከዓለም ሁሉ የሰወረን ይመስለናል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ሁለተኛው ግን ሰውን አደጋ ላይ ይጥላል።

ኢንኮግኒቶ የሚሠራው ሥራ ይህን ያህል ነው፦ መስኮቱን ስትዘጉት የጎበኛችኋቸውን ገጾች ዝርዝር፣ ኩኪዎችንና ቅጽ ላይ የሞላችሁትን ነገር ከዚያው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ያጠፋል። ያወረዳችሁት ፋይል ግን ይቀራል። መስኮቱን ሳትዘጉ ከሄዳችሁ ደግሞ ምንም አልጠቀማችሁም። ባጭሩ፣ የሚደብቃችሁ ከእናንተ ቀጥሎ ያንን ዕቃ ከሚይዘው ሰው ነው።

ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ያያችኋል። የኢንተርኔት አቅራቢው የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኛችሁ ማወቅ ይችላል። የመሥሪያ ቤታችሁን ኔትወርክ የሚያስተዳድረውም እንዲሁ። የገባችሁበት ድረ ገጽ የኔትወርክ አድራሻችሁን ያያል፤ በስማችሁ ሎግ ኢን ካደረጋችሁማ ማንነታችሁን ራሳችሁ ነገራችሁት። ኮምፒውተሩ ላይ የሰላይ ሶፍትዌር ተጭኖ ከሆነም ኢንኮግኒቶ አያስጥላችሁም።

ይህን ያልተረዳው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተጠቃሚዎች ጉግልን ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት አቆሙት። ክሳቸው «በኢንኮግኒቶ እያለንም በየድረ ገጹ ላይ በተተከሉ የጉግል መሣሪያዎች መረጃችን ሲሰበሰብ ነበር» የሚል ነው። የጠየቁት ካሳ ቢያንስ 5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ጉግል ጥፋተኛ አይደለሁም ቢልም በ2024 በስምምነት በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ሊያጠፋና ለተጠቃሚው የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ሊያስተካክል ተስማማ። በስምምነቱ ለከሳሾቹ የተከፈለ ካሳ ግን የለም። እንደ እኔ እምነት የችግሩ ሥር ስሙ ላይ ነው። «የግል» ተብሎ የተሰጣችሁን ነገር የግል ነው ብላችሁ ብታምኑ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የላካችሁትን መልእክት ይዘት አይደለም፤ ግንኙነቱ መቼ፣ ከየት ወደ የት እንደሆነ የሚያሳየውን ነው። እናንተ መስኮቱን ዘግታችሁ «ጠፋ» ስትሉ ሌላ ቦታ መዝገቡ ተቀምጧል።

ስለዚህ ጥያቄው «ኢንኮግኒቶ ይጠቅማል ወይ?» ሳይሆን «የምፈራው ማንን ነው?» መሆን አለበት። ባሏ የሚደበድባት ሴት በጋራ ስልካቸው የሕግ ድጋፍ የት እንደሚገኝ ስትፈልግ ኢንኮግኒቶ በእርግጥ ሊጠቅማት ይችላል። በቤተሰብ ስልክ ስለ ሕመሙ የሚያነብ ወጣትም እንዲሁ። አረብ አገር በአሠሪዋ ዋይፋይ የምትጠቀም እህታችን ግን በእሱ ብቻ ልትተማመን አይገባም። ምንጩን መጠበቅ ያለበት ጋዜጠኛማ ጨርሶ። ቪፒኤንም ቢሆን የሚያየውን ሰው ይቀይራል እንጂ የሚያይ ሰው አያሳጣም፤ በአቅራቢው ፈንታ የቪፒኤኑን ባለቤት ማመን ነው።

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያ ፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ጥሎ የሄደው ሰውም ቢጠየቅ እንዲሁ የሚል ይመስለኛል። የሚደበቅ ነገር ማለት ነውር ማለት አይደለም። የቤታችንን በር የምንዘጋው ውስጥ ወንጀል ስላለ ነው እንዴ?

ፎቶ ኮፒ ቤትና ኢንተርኔት ቤት ያላችሁ፣ ለደንበኛ የምትሰጡትን ብሮውዘር በኢንኮግኒቶ ክፈቱለት፤ ሲነሳም ዝጉት። ወጪ የለውም። ከስልካችን በላይ የሆነውን ግን በአንድ ቁልፍ አንፈታውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የማስፈጸም ኃላፊነቱም ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። መረጃችን የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ መጠየቅ ያለብን እዚያ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩ፤ የጋራ ስልክ ለሚጠቀም ወዳጃችሁም አጋሩት።