«ጆሮህ ገና አልሰለጠነም» ለሚሏችሁ

ሰሞኑን ኢንቦክሴን ያጨናነቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቲቸር፣ ቤት ሆኜ ሙዚቃ የምሰማበት ጥሩ ሄድፎን አግኝቻለሁ። አሁን ለሱ የሚመጥን አምፕሊፋየር ላይ ስንት ላውጣ?» ከጠያቂዎቹ አንዱ የድሮ ተማሪዬ ነው። ዕቁብ ደርሶታል፤ ሄድፎኑን ከገዛበት እጥፍ ብር አውጥቶ አምፕ ሊያስመጣ ተነስቷል። «አሁን በስልክህ ስትሰማው ምን ጎደለህ?» አልኩት። «እውነቱን ለመናገር ምንም። ግን ግሩፑ ላይ ስጽፍላቸው ጆሮህ ገና አልሰለጠነም፣ አምፑን ስትገዛ ይገባሃል አሉኝ» አለ።

ይቺን አባባል ቆም ብላችሁ እዩልኝ። መሸነፍ የማትችል አባባል ናት። ልዩነት ከሰማህ አምፑ ጎበዝ ነው፤ ካልሰማህ ጆሮህ ሰነፍ ነው። በየትኛውም በኩል ብርህ ሄዷል፣ ሻጩም ትክክል ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እንዲህ ዓይነት መልስ ይዞልኝ ቢመጣ «ስህተት መሆንህን በምን ታውቃለህ?» ብዬ ነበር የምመልሰው። ግሩፑ ላይ ግን ሰው አፍሮ ዝም ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ማፈሩ ነው። ሰው በራሱ ገንዘብ፣ በገዛ ጆሮው ላይ ያለውን እምነት አጥቶ ይወጣል።

በሉ ወደ ጥቁር ሰሌዳው እንመለስ። የኦም ሕግን ያስተማርኳችሁ ለማትሪክ ብቻ መስሏችሁ ከነበረ፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ነው የምትፈልጉት።

ሄድፎን ሁለት ቁጥር አለው። ካርቶኑ ላይ ካጣችሁት አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አለ። አንዱ ኢምፒዳንስ ነው፣ በኦም ይለካል። ሌላው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ በ1 ሚሊዋት ወይም በ1 ቮልት ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ ይነግራችኋል። ግሩፑ ላይ የሚወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። «300 ኦም ነው እኮ፣ ያለ አምፕ አይነሳም» ይላሉ፣ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ዳገት ላይ የቆመ ይመስል። ኦሙ ብቻውን ግን ይሄን አይነግራችሁም።

ምሳሌ ልስጥ። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ እስካሁን ሰው የሚያከብረው ሄድፎን ነው። 300 ኦም ነው። ሴንሲቲቪቲው በ1 ቮልት 97 ዴሲቤል ነው። አፕል አሜሪካ ውስጥ በ9 ዶላር የሚሸጣት ጣት የምታህል የዩኤስቢ-ሲ አዳፕተር ደግሞ 1 ቮልት ገደማ ታወጣለች (አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ ታደርጋለች፣ እሱን እወቁ)። ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ለ300 አካፍሉት፦ 3.3 ሚሊዋት። ይቺ ታህል ጉልበት ሄድፎኑን 97 ዴሲቤል ላይ ታደርሰዋለች። እርግጥ ይሄ የዘፈኑ ጫፍ ነው፤ አማካዩ ከዚያ በ10 ወይም በ15 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ለሚሰማ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ጸጥታውና ጩኸቱ በጣም የሚራራቅ የኦርኬስትራ ሙዚቃ የምትሰሙ ከሆነ ትንሽ ተጨማሪ ቮልት ትፈልጉ ይሆናል። እሱንም አነስተኛ አምፕ ይሸፍነዋል።

አሁን ሌላውን እዩ። ሃይፊማን ኤችኢ-6 የሚባል አለ። 50 ኦም ብቻ ነው። በግሩፑ ሂሳብ «ቀላል» መሆን ነበረበት። ሴንሲቲቪቲው ግን በ1 ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል ነው። ሁለቱንም 110 ዴሲቤል ላይ ለማድረስ ብትሞክሩ ባለ 300 ኦሙ 67 ሚሊዋት ገደማ ሲበቃው፣ ባለ 50 ኦሙ 450 ሚሊዋት ገደማ ይጠይቃል። ኦሙ ስድስት እጥፍ ያነሰው፣ ጉልበት ወደ ሰባት እጥፍ ይበላል! ለእንደዚህ ዓይነቱ አዎ፣ እውነተኛ አምፕ ያስፈልጋል። ታዲያ እኔ አምፕ አትግዙ አላልኩም። ገዝታችሁ ከሆነም በሂሳብ ይሁን ነው የምለው፤ ሂሳቡ ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ አምፕ መጠየቅ ያለበት፣ ግን ሻጭ ጨርሶ የማያነሳው ሌላ ቁጥር አለ፦ የአምፑ የራሱ የውጤት ኢምፒዳንስ። ከሄድፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ይመከራል። ለ32 ኦም ሄድፎን 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። ምክንያቱም የሄድፎን ኢምፒዳንስ በሁሉም የድምፅ ድግግሞሽ ላይ አንድ አይደለም፤ ይወጣል ይወርዳል። አምፑ ከፍ ያለ ኢምፒዳንስ ካለው ቮልቱ አብሮ ይወዛወዛል፣ ብዙ ጊዜም ቤዙ ያለ ቦታው ያብጣል። ብዙዎቹ የቲዩብ አምፖች «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚባልላቸው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። ሞቅታው ለሚጣፍጠው ሰው መብቱ ነው፣ አልጣላውም። ግን የተዛባን ነገር «የሰለጠነ ጆሮ» እያሉ መሸጥ ሌላ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በብዕር ስም ብቻ የሚታወቅ አንድ መሐንዲስ ኦ-ቱ የሚባል አነስተኛ የሄድፎን አምፕ ነደፈ። ልኬቱን በሙሉ አሳተመ፣ ንድፉንም ማንም እንዲሠራበት በነፃ ለቀቀው። የውጤት ኢምፒዳንሱ ከ1 ኦም በታች ነው፤ በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል (መብራት ሲጠፋ የሚሠራ አምፕ፣ ለኛ የታሰበ ይመስላል)። ብዙ እጥፍ ዋጋ የሚጠየቅባቸውን ዕቃዎች እየለካ ጉዳቸውን አወጣ። በ2012 ድምፁን አጠፋ፣ ማን እንደሆነም እስከዛሬ በይፋ አልታወቀም። ግን እዩት፣ ጆሮዬ ሰልጥኗል ብሎ አልተከራከረም። ልኬቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ለኩ» አለ።

እናንተም መለካት ትችላላችሁ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ዕቃ ሲያወዳድሩላችሁ ውዱ ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚጮኸው። ድምፁ በ1 ዴሲቤል እንኳ ከፍ ያለው ነገር ለሰው ጆሮ «የጠራ» ይመስለዋል፤ ከፍ ማለቱን ሳያውቅ። ቤት ውስጥ በትክክል ለማወዳደር ባለ 50 ኸርዝ ቀጥ ያለ ቶን አጫውቱ፣ በተራ መልቲሜትር የሁለቱንም አምፕ ቮልት እኩል አድርጉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ሳታዩ እየቀያየረ ይሰካላችሁ። አሥራ ስድስት ጊዜ። ስንቱን እንዳወቃችሁ ጻፉ። ሳንቲም ወርውራችሁ ከምታገኙት ብዙ ካልበለጠ፣ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱ።

ይሄ ደግሞ የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ማየርና ሞራን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሲዲ በላይ ጥራት አለው የሚባለውን ቅጂ ከተራ የሲዲ ጥራት ጋር በድብቅ አወዳድረው አስደመጡ። ከ554 ሙከራ በትክክል የተለየው 276 ነው። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከአድማጮቹ መካከል ደግሞ የድምፅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጆሯቸው የሰለጠነ።

እሺ፣ ብሩ የት ይሂድ? ሄድፎኑ ላይ። በጥሩ ሄድፎንና በመጥፎ ሄድፎን መካከል ያለውን ልዩነት አያቴም በሰሙት ነበር፣ ሥልጠና ሳያስፈልጋቸው። ውድ ማለት ጥሩ ማለት እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በ2017 ዬሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ 283 ሄድፎኖችን አወዳድሮ፣ በዋጋቸውና በድምፅ አወጣጣቸው መካከል ዝምድና አላገኘም።

እንደኔ መለኪያው የሰው ድምፅ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአምሃ ሪከርድስ ያወጣቸውን ሸክላዎች አስቡ፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፓሪስ ውስጥ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ለዓለም ያደረሰውን ሥራ አስቡ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከካሴት ወደ ካሴት ስንገለብጠው የኖርነው ሁሉ አለ። እነዚያ ቅጂዎች ላይ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ የሚፈለግ ምስጢር የለም፤ ካሴቱ ላይ ያለው ሹሹታ ነው። ሀብቱ ያለው መሃል ላይ ነው፦ ዘፋኙ ትዝታ ላይ ድምፁን ሲያርገበግብ፣ መሲንቆ ከጉሮሮው ጋር ሲሻማ፣ ሳክስፎኑ ትንፋሽ ሲወስድ። አሁን ገበያውን የሞላው ቤዙ የሚደልቅ ሄድፎን ይሄንን መሃል ይውጠዋል። ከዚያ ሰው «የድሮ ዘፈን ቀረጻው ደካማ ነው» ይላል። ቀረጻውን ከማማታችሁ በፊት ዘፋኙ ፊት ለፊት የሚቆምበት ሄድፎን አድርጋችሁ አንዴ ስሙት። የምትወዱትን፣ ቃል በቃል የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱና ዕቃውን በሱ ፈትኑት። ሻጩ የሚያሰማችሁን ማሳያ ትራክ ተዉት።

የውጭ ሰዎች «ክፍት-ጀርባ ግዙ» የሚሉትንም በጭፍን አትከተሉ። ክፍቱ ሰፋ ያለ ድምፅ አለው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ቡና ሲወቅጥ እኛ ሳሎን ነው የሚሰማው። ክፍት ሄድፎን ይሄን ሁሉ ያስገባል፣ የእናንተንም ዘፈን ለተኛው ሰው ያወጣል። ጸጥ ያለ ክፍል ከሌላችሁ ዝጉን ያዙ። ሶኒ ኤምዲአር-7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያገለግል ዝግ ሄድፎን ነው፤ 63 ኦም፣ በ1 ሚሊዋት 106 ዴሲቤል። ሂሳቡን ሥሩት፣ ስልክ ይበቃዋል። ብቻ ኦርጅናል ይሁን። ፌኩ ስሙን እንጂ ድምፁን አይቀዳም።

አሜሪካ ላላችሁ ወዳጆቼ አንድ ነገር፦ ለወንድማችሁ አምፕ በሻንጣ ከመላካችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ጋ 220 ላይ ሲሰካ የሚወጣው ጭስ ነው።

ስለ ጉልበት ይህን ያህል ካወራን የጆሮውን አቅምም እንናገር። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 97 ላይ ግማሽ ሰዓት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት። ጆሮህ አልሰለጠነም ብለው ትልቅ አምፕ የሚሸጡላችሁ ሰዎች፣ ያንን አምፕ ግማሽ ድረስ ብትከፍቱት የሚሰለጥን ጆሮ አይተርፋችሁም። የውስጥ ጆሮ ፀጉር ህዋሳት አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም፣ ዕቁብም አይመልሳቸውም።

በቃ። ያላችሁን ሄድፎን ሞዴልና ምን ላይ እንደምትሰኩት ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቁጥሩን ፈልጌ እዚያው እሠራላችኋለሁ። አምፕ የምትሸጡም ኑ፣ ደስ ይለኛል። ስትመጡ ግን የውጤት ኢምፒዳንሱን ይዛችሁ።