የሶርን ዓሣ የፈጀው ብርብራ ነው ወይስ ባለ ቡና ማጠቢያው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር ወደ መቱ ብቅ ብዬ ነበር። ወደ ሶር ወንዝ ከሚገቡት ጅረቶች ወደ አንዱ ስንወርድ ውሃውን ከማየቴ በፊት ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝ፤ ኮምጥጦ የተደፋ የጠላ አተላ ዓይነት ነው። ውሃው ጠቁሯል። ድንጋዩን ግራጫ ልጋግ ለብሶታል። ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሌት ተቀን ይፈለፍላል። አብረውኝ የወረዱት አዛውንት ከዘራቸውን ወደ ውሃው ቀስረው፣ «ቁርጡሚ ከዚህ ከጠፋ ቆየ። ድሮ ልጆች በመንጠቆ ያወጡ ነበር። አሁን ከብቱም አሽትቶት ይመለሳል» አሉኝ። ቁርጡሚ በኦሮምኛ ዓሣ ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ጎራ አልኩ። የማን ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ይቅርብኝ። ኃላፊው ሳቅ እያሉ፣ «የዓሣው ጠላት ብርብራ ነው። ገበሬው ፍሬውን እየወቀጠ ወንዝ ውስጥ ይጨምራል» አሉ። የቡና ማጠቢያውስ? «እሱማ የውጭ ምንዛሪ ነው!» አሉና ሻይ አዘዙልኝ።

እንዴ! ብርብራ ዓሣ እንደሚፈጅ እኔም አልክድም። በመርዝ ማጥመድም ነውር ነው። ነገር ግን አንድ ድሃ አንድ ቀን የሚበትነው አንድ እፍኝ ዱቄትና ከጥቅምት እስከ ጥር ሳያቋርጥ የሚለቀቅ ፍሳሽ በየትኛው ሚዛን ነው እኩል የሚሆኑት? ድሃው ወንጀለኛ፣ ባለ ጣቢያው «ልማታዊ»! ወይ ጉድ!

እስቲ ስሌቱን እንየው። አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይፈለፈላል። ገለፈቱና ፍሬው ላይ የተለጠፈው ዝልግልግ ስኳር ነው። ስኳሩ ወንዝ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን ይረባረቡበታል፤ ሲበሉም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ይጨርሱታል። አብዛኛው ዓሣ በደህና ለመኖር በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊግራም ያህል ኦክስጂን ይፈልጋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅማ አካባቢ ወንዞች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ በቡና ማጠቢያ ወቅት ከጣቢያዎቹ በታች ኦክስጂኑ ተሟጦ እንደሚያልቅ አሳይተዋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ክረምቱ አልፎ ወንዙ መጉደል ሲጀምር ነው። መርዝ አልተጨመረም ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፤ ዓሣው የሚሞተው ታፍኖ ነው። አምባዛ እንኳ ብቅ ብሎ ከአየር ይተነፍሳል። ፈጣን ውሃ የለመደው የሶር ዓሣ ግን ወዴት ይሂድ?

የሶር ዓሣ ደግሞ ተራ ዓሣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የሩስያና የጀርመን ሳይንቲስቶች «ሞለኪውላር ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጉድ አሳትመዋል። ጋራ በሚባለው የዓሣ ወገን ውስጥ፣ በዚሁ በሶር ወንዝ ብቻ፣ ስድስት የተለያዩ ዓይነቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ አፈ ጠባብ፣ አንዱ አፈ ሰፊ፣ አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው፤ አንዱ ደግሞ አዳኝ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የጋራ ወገን እኮ በአብዛኛው የድንጋይ ላይ አረንጓዴ እየፋቀ የሚኖር ምስኪን ነው። የውጭ ሰው ከሞስኮ ድረስ መጥቶ የሚደነቅበትን ሀብት እኛ የገለፈት ማጠቢያ እናድርገው? ያውም ድንጋዩን ልጋግ ካለበሰው ፋቂው ዓሣ ምን ሊበላ ነው?

የአዲስ አበባ ሰው አቃቂን ስላየ አይገርመው ይሆናል፤ ለምዶታል። ሶር ግን እንደ አቃቂ ገና አልሞተም፤ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ወደ ባሮ ይሄዳል። በባሮ ዳር ጋምቤላ ውስጥ ዓሣ ዋና ቀለቡ የሆነ ሕዝብ አለ። እሱ የታጠበ ቡና ሽጦ ዶላር አላየም።

«ታዲያ ቡናው ይቁም ነው የምትለው?» የሚሉኝ አይጠፉም። ማን አለ? ኢሉባቦር ያለ ቡና ምን አላት! ፍሳሹን በጉድጓድ ማስቀረት ይቻላል። ውሃ የሚቆጥብ መፈልፈያ አለ። የቬቲቨር ሣርም ፍሳሹን ሲያጣራ ጅማ ላይ ተሞክሯል፤ ሣሩን ደግሞ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ለመቱ አካባቢ ገበሬ ካለማመደው ዘመን የለውም። የጠፋው ዘዴው ሳይሆን የሚያስገድድ ሰው ነው።

ሕግማ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው «ምን አገባህ?» ሳይባል በበካይ ላይ አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ውድ አንባብያን፣ ይህን ያውቁ ነበር? እኔም ከመቱ እስክመለስ አላውቅም ነበር።

አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጄ ነው። ይህን ስጽፍ 19 ቀን ሆኖታል፤ 11 ቀን ይቀራል።