መሣሪያና መሪው

በፍኖተ ሰላም አካባቢ የብርን ወንዝ በክረምት የሚሻገር ገበሬ አስቀድሞ በበትሩ ጥልቀቱን ይለካል። በትሩም የሚጠቅመው የራሱን ቁመትና ጉልበት ለሚያውቅ ሰው ነው። የባሕርም መንገድ ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም፥ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው የባሕር ማሠልጠኛ ተቋም ወጣቶችን ለመርከብ መኮንንነት ሲያሠለጥን ቆይቷል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ወላጆችም ይህን ሙያ ለልጆቻቸው ቢመኙ የሚያስደንቅ አይደለም።

ቀድሞ መርከበኞች መንገዳቸውን በወረቀት ካርታ ላይ በእርሳስ ያሠምሩ ነበር። ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ደረጃ በደረጃ በተፈጸመው ዓለም አቀፍ ሕግ ግን ታላላቅ መርከቦች የኤሌክትሮኒክ ካርታ እንዲይዙ ታዘዘ። መሣሪያው መርከቢቱ ያለችበትን ስፍራ ያሳያል፤ አደጋም ሲቀርብ ያስጠነቅቃል። ሆኖም መርከቢቱ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚበቃት የሚነግረው መኮንኑ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ቢሰጠው ስሕተቱን እንደ እውነት ተቀብሎ ይሠራበታል።

ለዚህም ምስክር አለ። መስከረም 8 ቀን 2006 ዓ.ም. ኦቪት የምትባል የምግብ ዘይት የጫነች መርከብ፥ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው በዶቨር ጠባብ ባሕር፥ በአሸዋ ክምር ላይ ተቀመጠች። መኮንኖችዋ የመሣሪያውን ትምህርት ተከታትለው ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ በአሸዋው ላይ መሠመሩን አላስተዋሉም፤ የጥልቀቱም ልክ ለመርከቢቱ የሚስማማ አልነበረም፤ የማስጠንቀቂያውም ደወል አልሠራም።

የጎጃም የቅኔ ቤት ሥርዓት ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ስለ ሰማ ባለ ቅኔ አይባልም፤ ራሱ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፥ ይታረማል፥ እንደ ገና ይቆጥራል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ለዚህ መሣሪያ በአርአያነት ያዘጋጀው ትምህርት 40 ሰዓት ነው፤ ይህም የዕውቀት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ትምህርቱን የሚመሩ ባለ ሥልጣኖች ሥራቸውን በምስክር ወረቀት ብዛት እንዳይመዝኑ ያስፈልጋል። ተማሪው ሆን ተብሎ የተዛባ ልክ ተሰጥቶት ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ እንዲያወጣ ይፈተን። በሚሳፈርበት መርከብ ያለውን መሣሪያ ለይቶ ሳያውቅም ዘብ አይቁም። ዓይኑንም ከመስተዋቱ አንሥቶ ወደ ባሕሩ መመልከትን ይልመድ። ከቡሬ ገጠር ልጁን የሰደደ አባት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው የልጁን በደኅና መመለስ ነውና።